መጋዜና የካምባዋ ላም

ሰው ቤት በእንግድነት ስገባ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ሶፋው ላይ አይደለም፤ አልጋ ሥር ነው። አትሳቁብኝ። ሳሎን የሚነግራችሁ ቤተኞቹ እንዴት መታየት እንደሚፈልጉ ነው፤ እንዴት እንደሚኖሩ የሚነግራችሁ አልጋ ሥር የተገፋው ነው። አልጋው ሥር የመሣሪያ ሳጥን ያለበት ቤት በሩ ሲከፈት አይጮኽም፣ ጠረጴዛው አያነክስም፣ የቧንቧው ውሃ ጠብ ጠብ እያለ እንቅልፍ አይነሳም። የሌለበት ቤት ደግሞ የወንበሩ አንድ እግር በታጠፈ ካርቶን ተደግፎ፣ የመስኮቱ መዝጊያ በጨርቅ ታስሮ፣ «ነገ ሰው ይጠራል» እየተባለ መስቀልና ፋሲካ ይፈራረቁበታል። ሰውየው ተጠርቶ የመጣ ዕለት ታዲያ በዓል ነው። ሻይ ይፈላለታል፣ ደህናው ወንበር ይሰጠዋል፣ አንዲት ብሎን አጥብቆ ሲሄድ አባወራው እስከ በር ድረስ ይሸኘዋል።

እኔ ሽኝቱ ሰለቸኝና ሳጥን ጀመርኩ።

የምንኖረው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ነው። ግቢያችን ውስጥ ለተከራይ የምንሰጣቸው ክፍሎች አሉን፤ ተከራይ ደግሞ የበር እጀታ ነቅሎ «እንዲሁ በእጄ ቀረ» የሚል ፍጡር ነው። ለእያንዳንዱ በእጅ ለቀረ እጀታ ሰው ከጠራሁ ኪራዩ ተመልሶ ለባለሙያው ሊሄድ ነው። ስለዚህ ራሴ ያዝኩት። ሴት መዶሻ ይዛ ስትታይ ሰፈሩ ባሏ የሞተ ይመስለዋል። የእኔ ባል አልሞተም፣ ይመስገነው። ይርጋ ይባላል። ከጎጃም በመንግሥት ሥራ መጥቶ እዚሁ የቀረ፣ ዕድሜውን መሬት ሲለካ ኖሮ በጡረታ የተገለለ ጨዋ ሰው ነው። ተራራ ለክቶ ያውቃል። ሚስማር ግን መትቶ አያውቅም፤ አንድ ጊዜ ሞክሮ አውራ ጣቱን ሳስታምም ነው የከረምኩት።

አሁን ከእናንተ መሃል ሳጥን ልጀምር የሚል ካለ፣ በሱቆቹ መስታወት ውስጥ የሚደረደረውን ባለመያዣ ሙሉ ስብስብ አይቶ አይሞኝ። እኔም አይቼው ምራቄን ውጫለሁ። ሲከፈት እያንዳንዱ ዕቃ በልኩ በተቦረቦረ ቦታ ላይ ተጋድሟል፣ ያብረቀርቃል፣ ሙሽራ ነው። ግማሹ ግን እናንተ ለሌላችሁ መኪና የተሠራ ነው። የምትፈልጉት ግማሽ ደግሞ ዝገት የያዛትን የመጀመሪያዋን ብሎን ሲያይ ጥርሱ ይሸረፋል። ከዚያ አንዱ ይጠፋል፤ የጠፋበት ጉድጓድም ክዳኑን በከፈታችሁ ቁጥር አፉን ከፍቶ ያያችኋል። የእኔ ሳጥን ቲማቲም የመጣበት የእንጨት ሳጥን ነው። ጉድጓድ የለውም። የጎደለውን የሚነግረኝ ቤቱ ራሱ ነው፤ ቤቱ ያልጠየቀኝን አልገዛም።

ቤቱ የጠየቀኝን ስገዛም አዲስ አልገዛም። ቅዳሜ ገበያው ጥግ ላይ ማዳበሪያ ዘርግቶ አሮጌ ብረት የሚሸጥ ሰውዬ አለ፤ ሰው ቀለም የተቀባውን ሲያነሳ እኔ እጀታው ያለቀውን አነሳለሁ። እጀታው በመዳፍ ያለቀ ዕቃ ሰው የወደደው ዕቃ ነው፤ ማንም መጥፎ መዶሻ ይዞ ይህን ያህል አይኖርም። ዝገትም አያስፈራኝ። ነጭ ጋዝ ውስጥ አሳድሮ በአመድ ማሸት ነው፤ ከሥሩ የሚወጣውን ስታዩ ትገረማላችሁ። ካቻቢቴዎቼን እንዲህ ሰበሰብኩ። ፒንሳዬን ያገኘሁት እንዲህ ነው። ጉጠቴን ደግሞ ከቆራሌው ላይ በተቀደደ ጀሪካንና ማንም በማይሰማው ሬድዮ ለወጥኩት፤ ሬድዮው የይርጋ ነበር፣ እስካሁን አልጠየቀም።

አንድ የቀረኝ መጋዝ ነበር። መጋዝ እንደ ጉጠት አይደለም። ጠማማ መጋዝ አይቃናም፤ ስለዚህ ብዙ ቅዳሜ እያነሳሁ ወደ ፀሐይ አቅንቼ በአንድ ዓይኔ ጠርዙን ስከተል፣ ጠማማ እያገኘሁ መልሼ ሳስቀምጥ ኖርኩ። በመጨረሻ ቀጥ ያለ መጣ። ብረቱን አጥፌ ስለቀው ወደ ቦታው ተመለሰ። ጥርሶቹ ደንዝዘው ነበር እንጂ አልረገፉም። ተሸክሜው ስመጣ ደረቴ ተነፍቶ ነበር፤ ምክንያቱም የምፈልገው ለተከራይ አልነበረም፣ ለራሴ ነው። መጻሕፍቶቼ ወለል ላይ በከረጢት ነው የሚኖሩት። ትምህርት ቤት ብዙም አልሄድኩም፤ ያነበብኩትን ያነበብኩት ከዚያ ከረጢት እያወጣሁ ነው። አርባ ምንጭ ደግሞ የምስጥ አገር ነው፤ ምስጥ ከእኔ የበለጠ አንባቢ ነው፣ ያውም ከሽፋን እስከ ሽፋን። ዝናቡ ሳይገባ መደርደሪያ መሥራት ነበረብኝ።

መጋዙ እቤት ገብቶ ገና ሳይላመደን ፊት ለፊታችን የሚኖረው አልታዬ መጣ።

አልታዬ የካምባ ሰው ነው። ሙዝ የሚጭኑት መኪናዎች ላይ ይሠራል። ከሚስቱ ከዘነበች ጋር ወደ ሰፈራችን ከመጡ ብዙ አልሆናቸውም፤ ግን ወባ ጥሎኝ በተኛሁ ጊዜ አጥሚት እያፈላች፣ ጎኔ ተቀምጣ እየነተረከች ያጠጣችኝ ዘነበች ናት። «እትዬ ሙሉ፣ የዶሮ ቤት ልሠራ ነበር፤ መጋዝ ብታውሺኝ» አለኝ። የእሷን አጥሚት የጠጣ ጉሮሮ የለኝም ሊል አይችልም። ሰጠሁት።

የዶሮው ቤት ተሠራ። ዶሮዎቹ ገቡ። መጋዙ አልመጣም።

እናንተም ጎረቤት አላችሁና ታውቁታላችሁ፤ በእኛ ሰፈር ያዋሱትን ዕቃ «መልስልኝ» ማለት ክስ ከማቅረብ አይለይም። ጠያቂው ነው የሚያፍረው። ስለዚህ ዙሪያውን መሄድ ጀመርኩ። መጀመሪያ ለጨው ብዬ ሄጄ ወሬውን በምስጥ በኩል አመጣሁት፤ መጻሕፍቶቼ እያለቁ ነው፣ መደርደሪያ ቢኖር፣ ጣውላውስ ነበረኝ፣ ግን ጣውላ ሳይቆረጥ ምን ይሆናል አልኩ። አልታዬ ከልቡ አዘነ። «ምስጥ ክፉ ነው እትዬ ሙሉ፤ አመድ ነስንሺበት» አለኝ። አመድ ነሰነስኩ።

ሌላ ቀን የዶሮው ቤት ደጃፍ ቆሜ፣ «እንዴት ቀጥ ብሎ ተቆርጧል፤ በምን ቆረጥከው?» አልኩት። ምላሴ ነው፤ አንዳንዴ ከእኔ ይቀድማል። አልታዬ ጫማውን ማየት ጀመረ። ዘነበች የሆነ ነገር እሳት ላይ የጣደች ይመስል ወደ ቤት ገባች። እሳት እንኳ አልነበረም።

ይኼኔ ነው ይርጋን የላክሁት። «አንተ ወንድ ነህ፣ ሽማግሌም ነህ፤ በጨዋታ መሃል አንሳለትና ይዘኸው ና» አልኩት። ሄደ። ቆየ። ተመልሶ ሲመጣ እጁ ባዶ ነው፤ ቀጥ ብሎ ወደ ሳጥኑ ሄዶ መዶሻውን አነሳ።

«ወዴት ነው?» አልኩት።

«የዶሮው ቤት በር ወልቆበት አየሁ። መዶሻ የለውም። እንዲህማ አይሆንም ብዬ ነው።»

«መጋዙስ?»

«እንዴት አድርጌ ላንሳው፣ አንቺ ሴትዮ? ሰውየው ገና እየሠራበት ነው እኮ።»

መዶሻውም ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልታዬና ዘነበች እኔን መሸሽ ጀመሩ። ዘነበች እኔን ከሩቅ ስታይ በዚያኛው ጠርዝ ትሻገራለች። አልታዬ ሰላምታውን አሳጥሮ ይገባል። ዶሮዎቹ ብቻ ናቸው የማያፍሩት፤ በእኔ መጋዝ ተቆርጦ በእኔ መዶሻ በተመታ ቤታቸው ውስጥ ሆነው ጎህ ሲቀድ ይጮኹብኛል። እኔም አልጋዬ ላይ ሆኜ አስባለሁ። መጋዜን እፈልጋለሁ። ዘነበችንም እፈልጋለሁ። ሁለቱን ባንድ ላይ የማገኝበት መንገድ ግን አልታይ አለኝ፤ አንዱን ብጎትት ሌላው የሚበጠስ ነው የመሰለኝ። ከሁለቱ መጋዙ ይሻላል፤ ቢያንስ በገበያ ይገኛል አልኩና ቅዳሜ ተነሳሁ።

ብረት ሻጩ አስታወሰኝ። «ያኛውንስ ምን አደረግሽው?» አለኝ።

«ጎረቤት ተውሶት።»

«አልመለሰም?»

«አልመለሰም።»

«ጠይቂዋ።»

«አንተ ጎረቤት የለህም?» አልኩት።

ትንሽ አሰበና ያለ ክርክር ቀነሰልኝ። ከእሱም ቤት የሆነ ነገር ሄዶ የቀረበት ይመስለኛል።

መጋዙን ከያዝኩ በኋላ ነው የገባኝ። ይህንን ይዤ በሰፈር መሃል ልሄድ ነው? ሁለተኛ መጋዝ መግዛት እኮ ከመጠየቅ ይብሳል፤ «የመጀመሪያውን በልተኸዋል» ብሎ በአደባባይ መናገር ነው። ነጠላዬን ከትከሻዬ አውርጄ እንደ አራስ ልጅ ጠቀለልኩት። ጫፉ አልሸፈን ሲል አንድ እጅ ሙዝ ገዝቼ ላዩ ላይ አደረግሁ። ለሰው የተሰረቀ ዕቃ የያዝኩ ነው የምመስለው፤ የገዛሁበት ግን የገዛ ገንዘቤ ነው። ባጃጅ ውስጥ ገብቼ ጥጌን ያዝኩ። ባጃጁ ትንሽ እንደሄደ ቆመ፤ አንዲት ሴት ዘንቢሏን አስቀድማ ገባች። ቀና ስትል ዘነበች ናት።

ሁለታችንም ብንችል እንወርድ ነበር።

«ከገበያ ነሽ እትዬ ሙሉ?» አለችኝ ውጭ ውጭውን እያየች።

«አዎ፤ ሙዝ ገዝቼ።»

«ሙዝ?» ባሏ ሙዝ ሲጭን የሚውል፣ ግቢዋ ሙዝ የማያጣው ሴት ናት፤ እኛም የምንበላው እሷ የምትሰጠንን ነው። ደግነቱ ሌላ ነገር አላለችም። ባጃጁ ጉድጓድ ሲገባ የመጋዙ ጥርስ በነጠላው አልፎ ጭኔን ነከሰኝ። ሙዙን ጫን አድርጌ ያዝኩት። ድንገት ዘንቢሏን እቅፍ አድርጋ፣

«ተቀይመሽናል» አለች።

«ለምን ብዬ?»

«መጋዙን ስላቆየን። አልታዬ ነው። ባዶውን አልመልስም ብሎ።»

«ምኑን ባዶውን?»

«የሰው ዕቃ ባዶውን ይመለሳል እንዴ?» አለች፤ ይህን አለማወቄ ገርሟት አሁን ፊቴን አየችኝ። «ካምባ እናቱ ጋ ላም አለው። እሱ ሲወልድ ቅቤው ይመጣል፣ ከቅቤው ጋር መጋዙን ይወስዳል ብለን ነው። ላሙ ግን አልወለደም።» በዘነበች አማርኛ ላምና በሬ እኩል ናቸው፤ እኔም በእሷ ጋሞኛ ፊት የምሠራውን ስህተት ስለማውቅ አላርማትም።

እናቴ የጨንቻ ሰው ናት። ጎረቤት ምግብ የላከበት ሳህን ቢያንስ እፍኝ በቆሎ ሳይዝ እንደማይመለስ በቁንጥጫ ተምሬዋለሁ። ግን ሳህን ሆድ አለው። መጋዝ ላይ ምን ይሞላል? ያስተማረችኝ እናቴ እንኳ እስከ ብረት አልደረሰችም።

«ታዲያ ዶሮዎቹ አይጥሉም?» አልኳት። «እንቁላል ይበቃ ነበር እኮ።»

«እኔም እንቁላል ይሁን ብዬው ነበር። እንቁላል መርፌ ለተዋሰ ነው አለኝ። መጋዝ ትልቅ ዕቃ ነው አለ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቅቤው ይበቃ ነበር፤ ጋሽ ይርጋ መዶሻውን ጨመሩበት። አሁን ማርም ካልመጣ አይሆንም ይላል። ማር የለንም እትዬ ሙሉ። አንቺን ሳይ መንገዱ ይጠፋኛል።»

እኔ አንድ ወር ሙሉ ሌባ ጎረቤት አለኝ ስል፣ ሰዎቹ ለካ የአንዲት ላም እርግዝና እየጠበቁ ነው። የእኔ ጨዋ ባል ደግሞ መዶሻ ባቀበለ ቁጥር ዕዳቸውን ያከብዳል። «ኧረ ተይው፣ እንዲሁ መልሱት» ልላት አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ገጠምኩት። እንዲህ ማለት «እናንተ ምንም እንደሌላችሁ አውቃለሁ» ከማለት በምን ይለያል? አልታዬ ይህን ሰምቶ ቀና ብሎ ሰላም አይለኝም። መጋዙ ጭኔ ላይ ነው፣ ሙዙ መጋዙ ላይ ነው፣ ዘነበች አጠገቤ ናት። ባጃጁ ሰፈራችን እስኪደርስ አሰብኩ። ጭን ሲወጋ ጭንቅላት ይሠራል መሰለኝ።

ያን ዕለት ምሽት ፀሐይ ሳትጠልቅ መንገዱን ተሻግሬ በራቸው ላይ ቆምኩ። አልታዬ ወጣ። ሲያየኝ ትከሻው ወረደ፤ ልጠይቀው የመጣሁ መስሎታል።

«አልታዬ፣ እባክህ፣ መጋዝ ካላችሁ አውሱኝ» አልኩት።

መጀመሪያ አልገባውም። ዓይኑ ከእኔ ወደ ዘነበች፣ ከዘነበች ወደ እኔ ሄደ። እኔ ፊቴን ቀጥ አድርጌ ቆሜያለሁ፤ የተቸገረ ጎረቤት ፊት። ከዚያ የሆነ ነገር ከላዩ ላይ ሲወርድ አየሁ። ቀና አለ። «አለን» አለ፣ «ለምን ይጠፋል?» ወደ ውስጥ ገብቶ መጋዙን ይዞ መጣ። በንጹህ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ስፈታው ዘይት ተቀብቷል፣ ጥርሶቹ አንድ በአንድ በሞረድ ተስለዋል። እኔ ጋ ቢሆን እንዲህ አያምርም ነበር፤ እውነት እውነት ነው።

«ለምን ያህል ጊዜ ነው?» አለኝ፤ አሁን አዋሽ ሆኗል፣ ድምፁም ተቀይሯል።

«ለመደርደሪያ ነው። ሁለት ሦስት ቀን።»

«ግድ የለም ሥሪበት። እንዳታቆዪው ብቻ፤ እኛ ሰፈር ዕቃ ተውሶ ማስቀረት እየተለመደ ነው።»

ዘነበች ከጀርባው ሆና ነጠላዋን አፏ ውስጥ ስትከት አየኋት። እኔንም በነገር ወጋኝ እንጂ ምን እላለሁ፤ ምላስ ያለኝ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

መደርደሪያው ተሠራ። ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ወፍራሞቹን መጻሕፍት በቀኝ በኩል ደርድሬ አቃንቼዋለሁ። ሦስተኛው ቀን ላይ መጋዙን ስጠቀልል ይርጋ መነጽሩን አውልቆ አየኝ።

«የራስሽን መጋዝ ልትመልሺ ነው?»

«ተውሼዋለሁ። ተውሼ ላስቀር?»

«ያንቺ ነው እኮ።»

«ነው። ሰዎቹ ግን አዋሱኝ።»

መሬት የለካ ሰው ነውና ድንበሩ የት ጋ እንደሆነ ሊገባው አልቻለም። ቢሆንም ቤት ውስጥ ሌላ መጋዝ አለ፤ በሙዝ ተሸፍኖ የገባው። ሁለት መጋዝ ለአንድ ሴት ምን ይሠራላታል? አንደኛው ከመንገዱ ማዶ፣ ዘይት በሚቀባውና በሚስለው ሰው ቤት ቢቀመጥ እኔ ምን ጎደለብኝ? እንዲያውም በዚህ ዋጋ ሞረድና ዘይት የተሟላለት መጋዝ ማንም ሱቅ አይሸጥልኝም።

ባዶውን ግን አልመለስኩትም። ክዳን ያለው ትልቁን ሳህኔን አውጥቼ በሽፈራው ቅጠል የተሠራ ኩርኩፋ ሞላሁበት፤ የበቆሎው ድብልብል ገና እየተነነ ነው። መጋዙን በአንድ እጄ፣ ሳህኑን በሌላው እጄ ይዤ ተሻገርኩ። አልታዬ መጋዙን ተቀብሎ ጥርሱን በአውራ ጣቱ ዳበሰ፣ እንዳላበላሸሁበት አረጋግጦ ራሱን ነቀነቀ። ዘነበች ሳህኑን ተቀበለችኝ። ከዚያ ወዲያ በዚያኛው ጠርዝ መሻገሯ ቀረ፤ ሙዙም እንደ ድሮው ይመጣልናል።

ሳህኑ ታዲያ እዚያው ነው። አሁን እሱ ባዶውን አይመለስም። ይርጋ አንድ ቀን ወጥ ሊያወጣ ፈልጎ አጣውና «ሄጄ ላምጣው?» አለኝ። ቁጭ በል አልኩት፤ እሱ ከሄደ ድስቱንም ጨምሮ ነው የሚመጣው። እስከዚያው ሰፈሩ በሙሉ የካምባዋን ላም ጤና ይጠይቃል። እኔም እጠይቃለሁ፤ ሳህኔ ማህፀኗ ውስጥ ያለ ያህል ነው የምጨነቅላት።

ባለፈው ሳምንት አልታዬን በራችን ላይ ቆሞ አገኘሁት። ለዘነበች ሳጥን ሊሠራላት ነው፤ መሮ ፈልጎ ነው። ከሳጥኔ አውጥቼ እጁ ላይ ካስቀመጥኩ በኋላ አላስችል አለኝ።

«አልታዬ፣ ይህንንስ ምን ይዘህ ልትመልሰው ነው?»

መሮውን ገልበጥ አድርጎ ጫፉን አየ፤ ደንዟል፣ ሊስለው እንደሆነ ፊቱ ላይ ይነበባል።

«ምን አስጨነቀሽ እትዬ ሙሉ» አለኝ። «ሲያስፈልግሽ መጥተሽ ትዋሺዋለሽ።»